ፀሐይ የበላችው ሳፋ እና ብርሃን የሚገጥመው ፕላስቲክ

ድሬ ውስጥ ፕላስቲክ የሚጠግን ሰው አይጠፋም። እኔ የማውቀው ከከዚራ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ መጋላ በኩል፣ አንድ ግንብ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ፊቱ የከሰል ምድጃ አለ። ምድጃው ላይ ሁለት ሦስት ጠፍጣፋ ብረት ሁልጊዜ ይግላል። የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ የተቀደደ ሳፋ፣ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ይመጣለታል። የጋለውን ብረት ስንጥቁ ላይ ያሳርፋል። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ግራና ቀኙን ያዋህደዋል። ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ውሃ ሞልቶ ያሳይሃል፤ ጠብ አይልም።

ባለፈው የእናቴን ትልቁን ሰማያዊ ሳፋ ይዤለት ሄድኩ። ለዓመታት ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ፀሐይ ላይ የኖረ ሳፋ ነው። ቀለሙ ገርጥቷል። ጠርዙ ተሰንጥቋል። ሰውየው አገላብጦ አየው። ከዚያ የስንጥቁን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጫን አለው። ጫፉ እንደ ድርቆሽ ፍርክስ አለ።

«አቦ ይሄ አይይዝም» አለኝ። «ፀሐይ በልታዋለች።»

ከጎኑ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ትናንት ከባጃጅ ላይ ወድቆ የተሰነጠቀ። እሱን እዚያው ቆሜ እያየሁ ገጠመው።

ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው። ሁለቱም ተሰንጥቀዋል። አንዱ ገጠመ፣ አንዱ እምቢ አለ። ቤቴ ስገባም ይህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ምክንያቱም ብርሃን ሲነካቸው የሚገጥሙ ፕላስቲኮች እንዳሉ ከዚያ በፊት አንብቤ ነበር። ስንጥቃቸው ላይ መብራት ስታበራባቸው ይሽራሉ። ፀሐይ ፕላስቲክ ስትበላ እያየ ላደገ የድሬ ልጅ ይህ ተረት ይመስላል። ተረት ግን አይደለም። እንዲያውም ሳፋውን የበላውና ያንን ሌላውን ፕላስቲክ የሚጠግነው አንድ ዓይነት ብርሃን ሊሆን ይችላል። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

ፉርጎ በፉርጎ

ፕላስቲክ የምንለው ነገር ሁሉ ከረጃጅም ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ትናንሽ ሞለኪውሎች በሺዎች እየሆኑ አንዱ ካንዱ ጋር ይቀጣጠላሉ። ሳይንሱ ፖሊመር ይለዋል። ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሽታውዲንገር ይህን ሐሳብ በ1920 ሲያቀርብ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። ያን ያህል የሚረዝም ሞለኪውል እንዴት ይኖራል አሉ። በ1953 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለእኛ ባቡር በቂ ምሳሌ ነው። ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1902 እዚህ ደርሶ ነው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው። ፖሊመር ማለት ፉርጎ በፉርጎ ላይ ተቀጥሎ የሚረዝም ባቡር ነው። ልዩነቱ የፖሊመሩ ባቡር ሐዲድ የለውም። ተጠማዝዞ፣ ከሌሎች መቶ ባቡሮች ጋር ተጠላልፎ ነው የሚኖረው።

የፕላስቲክ ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ ርዝመትና መጠላለፍ ነው። አንዱን ጫፍ ስትጎትተው ሌሎቹ ይዘው ያስቀሩታል። ትኩስ ፓስታን አስቡት። በትኩሱ እርስ በርሱ ይንሸራተታል። ሲቀዘቅዝ አንድ ላይ ይጋገራል፣ አንዱን ብቻ መዘህ ማውጣት አትችልም። የመጋላው ሰውዬም ብረቱን ሲያሳርፍ የሚያደርገው ይህንን ነው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉትን ሰንሰለቶች በሙቀት ያንሸራትታቸዋል። የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ይገባል። ይጠላለፋሉ። ሲቀዘቅዙ እንደተጠላለፉ ይቀራሉ። ማስቲሽ አያስፈልግም። ፕላስቲኩ ራሱ ማጣበቂያ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የሚሠራው ግን ሰንሰለቶቹ ረጅም ከሆኑ ብቻ ነው። አጫጭር ቁርጥራጭ አይጠላለፍም። የተፈጨ ፓስታ እንደ ፓስታ አይያያዝም።

ፀሐይ ስትበላ

አሁን ወደ ሳፋው። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዓይናችን የማያየው ክፍል አለ። አልትራቫዮሌት ይባላል። ብርሃን የሚለካው በሞገዱ ርዝመት ነው፤ መለኪያው ናኖ ሜትር ነው፣ የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር የእያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት ጉልበት ይጨምራል። የፕላስቲክ ሰንሰለት የተያያዘበትን የካርቦንና የካርቦን ትስስር ለመበጠስ የሚበቃው ጉልበት 345 ናኖ ሜትር አካባቢ ካለ ብርሃን ይጀምራል። ከፀሐይ ወደ መሬት የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ደግሞ ከ300 ናኖ ሜትር ገደማ ይነሳል። ከ300 እስከ 345 ያለው ብርሃን እንግዲህ ጉልበቱ አለው።

ጉልበት ብቻ ግን አይበቃም። ብርሃኑን የሚውጥ ነገር ያስፈልጋል። ጀሪካንና ሳፋ የሚሠሩበት ፕላስቲክ፣ ፖሊኤትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን፣ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ይህን ብርሃን እምብዛም አይውጥም ነበር። ያሳልፈው ነበር። ነገር ግን ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ ቅርጽ ሲይዝ እዚህም እዚያም ኦክሲጅን ይነካዋል። ትናንሽ እንከኖች ይቀራሉ። ብርሃኑን የሚውጡት እነዚያ እንከኖች ናቸው። ጥፋቱ የሚጀምረውም ከእነሱ ነው።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ ሁለት ባዶ ጫፍ ይፈጠራል። ኬሚስቶች ራዲካል ይሉታል። ባዶ ጫፍ ያገኘውን ሁሉ መያዝ ይፈልጋል። የተበጠሰ ወንድሙ አጠገቡ ቢኖርና ቢጨብጠው ጉዳዩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይቀድማል። ኦክሲጅን ጫፉን ይይዘውና ሌላ ዓይነት ውሁድ ይሆናል። ያ ውሁድ ራሱ በብርሃን ይፈነዳል፤ ሁለት አዲስ ራዲካል ይወልዳል። እነሱም ሌላ ሰንሰለት ይነካሉ። አንድ መበጠስ ሌላ መበጠስ እየጠራ ይሄዳል።

ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀለሙ ይገረጣል። ላዩ እንደ ኖራ ይነጣል። ከዚያ ጥቃቅን ስንጥቅ። ከዚያ ጣት ሲነካው ፍርክስ። የገበያ ሸራ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ነው የሚያልቁት። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ሥራውን ያፋጥነዋል፣ ኬሚካላዊ ለውጥ በሙቀት ይሮጣልና። ሐረር ቀዝቀዝ ትላለች፤ ግን ከእኛ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የሐረር ሰው «እኛ ጋ አይሞቅም» ብሎ ሳፋውን ፀሐይ ላይ ቢተወው ያው ይበላለታል።

አሁን የሰውየው ፍርድ ገባኝ። ትናንት የወደቀው ጀሪካን ሰንሰለቶቹ ረጅም እንደሆኑ ናቸው። ስንጥቁ ላይ ብቻ ተለያይተዋል። ሙቀት ሲያገኙ መልሰው ይጠላለፋሉ። የእናቴ ሳፋ ግን ስንጥቁ ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። ፀሐይ ባገኘው ጎኑ ሰንሰለቶቹ ተከታትፈዋል። ጫፋቸውም በኦክሲጅን ተይዟል። የሚጠላለፍ ነገር የለም፣ ተመልሶ የሚጨባበጥ እጅም የለም። ሰውየው ይህን በአውራ ጣቱ ነው የሚያውቀው።

የሚፈታ መንጠቆ

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል። ብርሃን ሰንሰለት መበጠሱ አይቀርም እንበል። መበጠሻው ቦታ የት እንደሆነ አስቀድመን ብንወስንስ? የተበጠሰው ጫፍም መልሶ የራሱን ጥንድ ብቻ እንዲይዝ ብናደርገውስ? በብርሃን የሚገጥሙ ፖሊመሮች ሐሳብ በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ሥራ በ2011 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ነው። ማርክ በርንዎርዝ፣ ስቱዋርት ሮዋን፣ ክሪስቶፍ ቬደርና ባልደረቦቻቸው ናቸው የሠሩት። አንዱ ወገን አሜሪካ ክሊቭላንድ በሚገኘው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ያደረጉት እንዲህ ነው። ረጅም ሰንሰለት አልሠሩም። አጭር ሰንሰለት ሠሩ። በእያንዳንዱ አጭር ሰንሰለት ሁለት ጫፍ ላይ ብረት የሚይዝ መንጠቆ ተከሉ። ከዚያ የዚንክ ቅንጣት ጨመሩበት። ዚንክ እንግዳ ነገር አይደለም። ቆርቆሮአችን እንዳይዝግ የሚለበጠው በእሱ ነው። አንድ የዚንክ ቅንጣት የዚህን መንጠቆና የዚያን መንጠቆ አንድ ላይ ይይዛል። አጫጭሮቹ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሆኑ። ፕላስቲክም ሆኑ።

የባቡሩን ምሳሌ አሁን እንደገና አምጡት። ተራው ፕላስቲክ ፉርጎዎቹ አንዱ ካንዱ ጋር የተበየዱበት ባቡር ነው። ኃይል ሲበዛበት ይሰበራል፤ የተሰበረ ብየዳ ደግሞ ራሱን አይበይድም። የእነ ሮዋን ፕላስቲክ ግን በመንጠቆ የተያያዘ ባቡር ነው። መንጠቆ ይፈታል። ተመልሶም ይገባል። ፉርጎው ምንም አይሆንም።

ከዚያ ፕላስቲኩን ጫሩት። ጭረቱ ላይ አልትራቫዮሌት መብራት አበሩበት። ዚንኩና መንጠቆው የተያያዙበት ቦታ ብርሃኑን ዋጠው። የዋጠውን ወደ ሙቀት ለወጠው። ሙቀቱ እዚያው ላይ ከ220 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ደረሰ። በዚህ ጊዜ መንጠቆዎቹ ይላላሉ። ባቡሩ ወደ ፉርጎዎች ይበተናል። አጭር ነገር ቶሎ ይፈስሳል። ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል። መብራቱ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፣ መንጠቆዎቹም ይያያዛሉ። መብራቱን ያበሩት ሁለት ጊዜ ነው፣ በየጊዜው ለ30 ሰኮንድ። በአንድ ደቂቃ ስንጥቁ ጠፋ። ያንኑ ቦታ እንደገና ቢቧጭሩትም እንደገና ገጠመ።

ሙቀት ከሆነ የሚገጥመው ታዲያ ምድጃ ውስጥ ብናስገባውስ? ሊገጥም ይችላል። ግን ምድጃ ውስጥ ሲገባ ዕቃው በሙሉ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ያጣል። ብርሃን ግን የምትጥለው ጭረቱ ላይ ብቻ ነው። ሌላው አካል ደርቆ፣ ሸክሙን ተሸክሞ ይቆያል። የተሰበረ ነገር ከቦታው ሳይነሳ ይጠገናል ማለት ነው። ለእኔ የብርሃን ትልቁ ብልጫ ይህ ነው። የመጋላው ሰውዬም ሳፋውን በሙሉ አያቀልጥም። ብረቱን የሚያሳርፈው ስንጥቁ ላይ ብቻ ነው። ልዩነቱ፣ ብርሃን ሳይነካ ነው የሚያግለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቅ መናገር አለብኝ። ይህን ፕላስቲክ ከዚራ አደባባይ ላይ ብናሰጣው በፀሐይ አይገጥምም። የተጠቀሙበት መብራት በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 950 ሚሊዋት ያህል ኃይል ይጥላል፣ እሱም አልትራቫዮሌት ብቻ። የቀትር ፀሐይ በጠራ ቀን በዚያችው ስፋት ላይ የምትጥለው በድምሩ 100 ሚሊዋት ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ መብራቱ ከፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ከመቶ እጥፍ በላይ ይበረታል። የድሬ ፀሐይ የቱንም ያህል ብትከርር እዚያ አትደርስም። ሳፋ ለመብላት ግን ዓመታት አሏት።

የሸርጣን ቅርፊትና የድኝ ድልድይ

ታዲያ በተራ ፀሐይ የሚሠራ የለም? ወደዚያ የሚጠጋ አለ።

በ2009 ቢስዋጂት ጎሽና ማሬክ ኧርባን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በአሜሪካ የደቡባዊ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ሥራ አወጡ። መነሻቸው ፖሊዩሪቴን ነው። ፖሊዩሪቴን የመኪና ላይኛው ቀለምና የስፖንጅ ፍራሽ የሚሠራበት የፕላስቲክ ቤተሰብ ነው። እሱ ላይ ኪቶሳን ጨመሩበት። ኪቶሳን ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣ ነገር ነው። ኪቶሳኑ ላይ ደግሞ አራት አተም ያላት ትንሽ ቀለበት አሰሩበት፤ ሦስት ካርቦን፣ አንድ ኦክሲጅን። ቀለበቷ በጣም ጠባብ ናት። እንደ ተወጠረ ቀስት ናት፤ ጭረት ሲነካት ትከፈታለች። አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ደግሞ የኪቶሳኑ ሰንሰለት ይከፈታል። ሁለቱ የተከፈቱ ጫፎች ይገናኛሉ። ይያያዛሉ። ጭረቱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሽራል።

እዚህ ያለው ቁም ነገር ይህ ነው። ሳፋውን የገደለው መበጠስ እዚህ ለጥገና ሥራ ውሏል። ብርሃኑ ያው አልትራቫዮሌት ነው። ልዩነቱ የተበጠሰው ጫፍ ኦክሲጅን ሳይቀድመው የሚይዘው ወዳጅ አጠገቡ ተዘጋጅቶ መጠበቁ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ቀለበቷ አንዴ ከተከፈተች ተመልሳ አትዘጋም። አንድ ቦታ የሚድነው አንዴ ብቻ ነው። እዚያው ላይ ሁለተኛ ጭረት ቢመጣ መድኃኒቱ አልቋል።

መልሰው የሚዘጉም አሉ። ኩማሪን የሚባል ሞለኪውል አለ። ሁለት ኩማሪኖች 350 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ሲያገኙ ይጨባበጣሉ። 254 ናኖ ሜትር ሲያገኙ ይላቀቃሉ። አንዱ ብርሃን ይቆልፋል፣ ሌላው ይከፍታል። እንዲህ ያለ በብርሃን የሚጨባበጥ ጥንድ ተጠቅሞ ስንጥቅ ለመግጠም የኮሪያ ተመራማሪዎች በ2004 ሞክረዋል፤ እነሱ የተጠቀሙበት ከቀረፋ ስም የተጠራውን የሲናሜት ቤተሰብ ነበር። የተመለሰው ጥንካሬ ከፊል ነበር፣ ግን መንገዱን ከፍቷል።

እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ የድኙ መንገድ ነው። ይህን ለመረዳት ጎሚስታ ጋ እንሂድ። የመኪና ጎማ ለምን እንደ ጀሪካን በጋለ ብረት አይገጥምም? ቻርልስ ጉድየር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ እንደሚያጠነክረው አገኘ። ድኙ በጎማው ሰንሰለቶች መካከል ድልድይ ይሠራል። ሰንሰለቶቹ በድልድይ ከታሰሩ ወዲያ መንሸራተት አይችሉም። ብታሞቀው ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም። ለዚህ ነው ጎሚስታው የሚፍቀው፣ ማስቲሽ የሚቀባው፣ የሚለጥፈው።

በ2012 የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም መካከል ክሪሽቶፍ ማቲያሼቭስኪ ይገኝበታል፣ የዚህን ድልድይ አሠራር ቀየሩት። ድኝ ከድኝ ጋር የተያያዘበት ልዩ ድልድይ አስገቡ። ይህ ትስስር ከካርቦን ትስስር ይልቅ ደካማ ነው። ድካሙን ነው የተጠቀሙበት። እሱን ለመፍታት አልትራቫዮሌት አያስፈልግም። ዓይን የሚያየው ተራ ብርሃን ይበቃዋል። ብርሃን ሲነካው ድልድዩ ለሁለት ይከፈታል። እያንዳንዱ ግማሽ ጎረቤቱን ይይዛል። ያ ጎረቤት የነበረው ግማሽ ሌላውን ይይዛል። እንደ እስክስታ ጥንድ እየተቀያየሩ ይሄዳሉ። ስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉት ሲገናኙም ይቀያየራሉ። በዚህ ስንጥቁ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሆነው አየር ባለበት፣ ያለ እሳት፣ ያለ ማሟሟያ ነው።

አየር ባለበት የሚለውን ቃል ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሳፋውን የጨረሰው ኦክሲጅን እዚያው አለ። የድኙ ግማሽ ግን ከኦክሲጅን ይልቅ የራሱን ወገን ይመርጣል። ለዚህ ነው የሚሳካው። የሚታይ ብርሃን ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል።

የማይሆነው የት ላይ ነው

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ በየጣሪያው የቆመው የውሃ ሮቶ ነው። ራሱን የሚጠግን ሮቶ ቢኖር ስንት ውሃ ይተርፍ ነበር! ግን ቀስ ብዬ ሳስበው ነገሩ ቀላል አይደለም።

አብዛኛው ሮቶ ጥቁር የሆነው ለጌጥ አይደለም። ውስጡ ከጥቀርሻ ጋር የሚመሳሰል በጣም የደቀቀ ካርቦን አለ። ከክብደቱ 2 በመቶ አካባቢ ቢሆን ነው። ያ ካርቦን አልትራቫዮሌቱን ውጦ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ፕላስቲኩ ዕድሜ ያገኛል። በብርሃን የሚገጥም ፕላስቲክ ግን ብርሃን እንዲገባ ይፈልጋል። ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች ከሆነ ብርሃኑም እስከ ታች መድረስ አለበት። አንዱ በሩን ዝጋ ይላል፣ ሌላው ክፈት። ይህን ማስታረቅ ከባድ ነው። ለዚህ ነው በዚህ ዘርፍ አብዛኛው ሥራ ስስ ነገር ላይ ያተኮረው፤ ላዩን የሚቀባ ቀለም፣ ሽፋን፣ መስታወት መሰል ስስ ሉህ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህም ይጠልቃል። ፕላስቲክ እንዲገጥም ሰንሰለቶቹ መንቀሳቀስ አለባቸው። ሸክም እንዲችል ደግሞ መንቀሳቀስ የለባቸውም። በደንብ የሚገጥሙት ብዙ ጊዜ ለስላሳ ናቸው። ጠንካሮቹ ለመግጠም ያስቸግራሉ። የእነ ሮዋንን ዘዴ የወደድኩት ለዚህ ነው፣ ሁለቱን በጊዜ ለያያቸው። መብራት ሲበራ ለስላሳ፣ ሲጠፋ ጠንካራ።

ገበያ ላይ የደረሰ ነገር አለ ወይ ላላችሁኝ፣ የቅርብ ዘመዱ አለ። ኒሳን በ2005 ቀላል ጭረት የሚያጠፋ የመኪና ሽፋን ቀለም አውጥቷል። እሱ ግን በብርሃን አይደለም የሚሠራው። ሽፋኑ እንደ ላስቲክ ተለጣጭ ነው፤ ሲሞቅ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። እንደ ጭረቱ ጥልቀትና እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይፈጅበታል። ድሬ ላይ ፈጣኑን እንደሚይዝ እገምታለሁ።

ይህን ሁሉ ይዤ ባለፈው ቅዳሜ ሰውየው ጋ ተመለስኩ። ሳፋውን ያን ቀን እዚያው ትቼው ነበር። ሥራ ቀዝቀዝ ያለበት ሰዓት ስለነበር ስለ ዚንኩም፣ ስለ መንጠቆውም፣ ስለ ድኙም አወራሁት። ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ቁራሹ ቢጠፋስ? ስንጥቅ ሳይሆን ቀዳዳ ቢሆን?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እስካሁን ያወራኋችሁ ሁሉ የሚሠራው የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች ሲነካኩ ነው። ወይም ጭረቱ ጠባብ ሆኖ የሚፈስሰው ሲሞላው። የጎደለ ነገርን ብርሃን አይፈጥረውም። አይገጥምም አልኩት።

ከኋላው አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ሳበ። ውስጡ በቀጭን በቀጭኑ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጥብጣብ ሞልቷል፣ በየዓይነቱ ታስሮ። ቀዳዳ ሲሆን ከዚያ አውጥቶ ነው የሚሞላው። የጀሪካኑ ለጀሪካን፣ የወንበሩ ለወንበር። ካልተዛመደ አይዋሃድም፣ ሲቀዘቅዝ ይላቀቃል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ሲቀልጡም እርስ በርስ አይጠላለፉም። ዓይነቱን የሚለየው ጫፉን በእሳት ነክቶ ጭሱን በማሽተት ነው። የጀሪካኑ ጭስ ሻማ ሻማ ይሸታል።

ከዚያ የእናቴን ሳፋ አነሳ። በፀሐይ በኩል የነበረውን ጎን በቢላ ቆርጦ ጣለው። ግድግዳ ተደግፎ ጥላ ውስጥ የኖረውን ጎን ግን በሁለት እጁ አጠፈው። ታጠፈ፤ አልፈረከሰም። ከጫፉ ቅራፊ አንስቶ እሳት ላይ ያዘው፣ አሸተተው፣ ለእኔም አቀረበልኝ። ሻማ ሻማ ይሸታል። በቀጭን በቀጭኑ ቆራርጦ ከጀሪካኖቹ ጥብጣብ ጋር አሰረው።